ወባ የገጠር በሽታ ብቻ አይደለም

«ዶክተር፣ እኛ አዳማ መሃል ነው የምንኖረው፤ ረግረግ የለ፣ ወንዝ የለ፤ ወባው ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ከክረምት መውጫ ጀምሮ እየበዛብኝ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ግቢያችን ውስጥ ነው፦ ክዳኑ የተከፈተ ሮቶ፣ በርሜል፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ።

አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ኋላ አዋሽ ሰባት ድረስ ታይታለች። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ በበጋ የተነሣው ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል። በቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባ ዝናብ አትጠብቅም።

1. ሮቶና በርሜል ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። ክዳን የሌለውን በየሳምንቱ ደፍታችሁ ውስጡን ፈትጉ፤ እጭ ወደ ትንኝ ለመለወጥ ከሳምንት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ይበቃዋል።

2. አጎበር ውስጥ ተኙ። የችግኝ አጥር ሆኖ ሳየው ከልቤ አዝናለሁ።

3. ትኩሳት ከያዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ተመርመሩ።

«ወባዬ ያገረሽብኛል» ለምትሉ፦ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ይደበቃል። ከዚያ የሚያጠፋው የ14 ቀን መድኃኒት፣ ፕሪማኩዊን፣ ከታዘዘላችሁ፣ ቢሻላችሁም ጨርሱት። ነፍሰ ጡሮች ግን አይወስዱትም፤ የምታጠቡ እናቶችም አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ያልገባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።