እናት ሥራ ስትውል ሕፃኑን ማን ይያዝ?

ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ቢውሉ ሕፃናት ይጐዳሉ ወይስ አይጐዱም የሚለው ክርክር በወጣት ሠራተኞች ዘንድ ዘወትር ይሰማል። አንዱ ወገን «እናት ከቤቷ አትውጣ» ይላል፤ ሌላው «በአንድ ደመወዝ ቤት አይቆምም» ሲል ይመልሳል። እኛ ግን ጥያቄው ከሥሩ የተጣመመ ይመስለናል።

እስቲ ወደ ራያ ቆላ ወርደን ሮቢትን እንመልከት። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ ዙሪያ የምትኖር የገበሬ ሚስት ሥራ ፈትቶ ቤት መዋልን አታውቅም። ማሽላው ሲታረም ታርማለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ ገበያ ትወጣለች። ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ አብሯት ይውላል፤ ጡት ከተወም በኋላ አያቱ፣ ታላቅ እኅቱ ወይም ጐረቤት ትይዘዋለች። እንግዲህ የእናት ሥራ መያዝ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ዛሬ የመጣው ሥራውና ልጁ መለያየታቸው ነው።

በባንክ ወይም በኩባንያ ተቀጥረው ከሌላ አገር ወደዚያች ከተማ የሚመጡ ባልና ሚስት አያት በአጠገባቸው የለችም፤ ሕፃን ታዝሎም ቢሮ አይገባም። ስለዚህ ሞግዚት ይቀጥራሉ። ሞግዚቷ ግን ብዙ ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ የመጣች፣ ራሷም ያልጠናች የገጠር ልጅ ናት። አንዱን ልጅ ለማሳደግ የሌላዋን ልጅ ተስፋ መቁረጥ ይገባልን?

ሕጉስ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። 90 ቀን 3 ወር ነው፤ የቀሩትን 3 ወራት ማን ይሙላቸው?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ የበላይ ያደርግ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ አዟል። እኩል መብት ካለ እኩል ድካም ሊኖር ይገባል። «ሚስቴን አግዛታለሁ» እያለ የሚመጻደቅ ባል የገዛ ልጁን እንደ ሰው ሥራ ቆጥሮታል።

መሥሪያ ቤቶች ለሚያጠቡ እናቶች አንዲት ክፍል ይልቀቁ፤ አባት ሕፃኑን ማጠብና ማስተኛት ይልመድ፤ ሞግዚት የቀጠረም የማታ ትምህርት ቤት ያስገባት። ይህ ሲሆን ሁለቱም ወላጆች ሥራ ቢውሉ ልጁ ያለ ወላጅ አይውልም።