በፈቃድ ስለሚጻፍ ድርሰትና ስለ ገበጣ

ተማሪ ሁሉ ማርክ ይወዳል። ግዴታ ባልሆነ ሥራ የሚገኝ ማርክ ደግሞ ከሁሉ ይጣፍጣል። መምህሩ «ይህን የሠራ አምስት ማርክ ይጨመርለታል፤ ያልሠራ አይቀነስበትም» ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ያቆማል። በተለምዶ «ቦነስ» የምንለው ይኸው ነው። ይህ ትርፍ ማርክ መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ፥ በራሴ ላይ ከደረሰው ጋር አያይዤ ለአንባቢዎቼ ላስረዳ አስቤአለሁ።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፥ በሌላ ትምህርት ቤት፥ አንድ መምህር ስለ አካባቢ ንጽሕና ጽፎ ላመጣ ሰው ዐሥር ማርክ እንደሚሰጡ ነገሩን። እኔ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስድስት ገጽ አሳተምሁ፤ በፕላስቲክ ሽፋን አስጠረዝሁ፤ ዐሥሩንም ማርክ ተቀበልሁ። ከስድስቱ ገጽ አንዱን እንኳ አላነበብሁትም ነበር። አብሮኝ ይቀመጥ የነበረው ጓደኛዬ ግን ከትምህርት በኋላ እናቱን ቆሎ በመሸጥ ይረዳ ነበር። ለማስጠረዣ የሚከፍለው ስላልነበረው በእጁ አንድ ገጽ ተኩል ጽፎ አመጣ፤ የተሰጠውም አራት ማርክ ነው። በዚያ መንፈቅ ዓመት በደረጃ ቀደምሁት፤ ነገር ግን ዐይኑን ለማየት አፈርሁ።

ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን የሰጡን ሥራ ከዚያ የተለየ ነው። «የምታውቁትን አንድ ጨዋታ ምረጡ፤ ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ ሰው ጽሑፋችሁን ብቻ አንብቦ መጫወት እንዲችል አድርጋችሁ ጻፉ» አሉን። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፥ በእጅም እንዲጻፍ አዘዙ፤ የሰጡን ጊዜ ሦስት ሳምንት፥ ማርኩም አምስት ነበር።

እኔ ገበጣን መረጥሁ። አያቴ በልጅነቴ በግቢያችን ውስጥ መሬቱን እየጫሩ አስተምረውኝ ስለ ነበረ፥ በአንድ ምሽት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። እንዲህም ብዬ ጻፍሁ፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ይቆፈራል፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይደረጋል፤ ጠቅላላው 48 ይሆናል፤ ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች አንሥቶ በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ ያድላል።

ጽሑፉን ገበጣ ለማታውቀው ለታናሽ እኅቴ ሰጠኋት። ገና ከጅምሩ ቆመችና፥

«ወደ ቀኝ ነው የማድለው ወይስ ወደ ግራ?» አለችኝ።

አልጻፍሁትም ነበር። ጥቂት ቆይታም «የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ብትገባስ? ጠጠር ያለበት ብትገባስ?» አለች። በአያቴ ሕግ ጠጠር ያለበት ከገባች ሁሉንም አንሥቶ ማደሉን መቀጠል ነው፤ ባዶ ከገባች ግን ተራው ለሌላው ያልፋል። ይህንንም አልጻፍሁትም። እጄ የሚያውቀውን ብዕሬ አያውቀውም ኖሯል! ጽሑፉን አራት ጊዜ ደጋግሜ ጻፍሁት።

ከዚህም የባሰ ችግር ገጠመኝ። ሰፈራችን ሳሪስ ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ሰዎች አብረው የሚኖሩባት ስለሆነች፥ ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችንን ስለ ገበጣ ብጠይቃቸው፥ የባላጋራን ጠጠር የመብላቱ ሕግ ከአያቴ ሕግ ጋር የማይገናኝ ሆኖ አገኘሁት። ማንኛቸው ተሳሳቱ? ሁለቱም አልተሳሳቱም። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጥ የገበጣ አጨዋወት መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1971 አሳትመዋል። ስለዚህ ጸሐፊው «ገበጣ እንዲህ ነው» ብሎ መናገር አይበቃውም፤ የማንን ገበጣ እንደሚጽፍ መለየት አለበት።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ስለ ጥንቱ ሰንጠረዥ ጻፈ። ሰንጠረዥ የቼዝ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ወረራ የሚባል ክፍል አለው። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ እንደ ጦር አለቆች፥ ሠራዊታቸውን በአንድነት ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀምሩት ከመካከላቸው አንዱ ሲማርክ ነው። ዛሬ ይህን ጨዋታ የሚጫወት ሰው ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ሕጉን ልናውቅ የቻልነው እንግሊዛዊው ሐሮልድ መሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተሙት የቼዝ ታሪክ ውስጥ እንዳደረጉት ሁሉ፥ ጽፈው ያቆዩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ያልተጻፈ ጨዋታ ከተጫዋቹ ጋር ይቀበራል።

እንዲህ ያለው የማስተማር ዘዴ በእኛ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች አዲስ ገቢ ተማሪ የድርሰት ትምህርት እንዲማር ይገደዳል፤ አንዳንዱም መምህር ትምህርቱን በሙሉ በጨዋታ ርእስ ዙሪያ አድርጎ፥ ለፈቀደ ተማሪ ትርፍ ማርክ የሚያስገኝ ተጨማሪ ሥራ ይሰጣል። ጨዋታና በፈቃድ የሚሠራ ሥራ በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። በርናርድ ሱትስ የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ተጫዋች ሊቀርለት የሚችለውን መሰናክል በገዛ ፈቃዱ ተቀብሎ ለማለፍ የሚጥር ሰው ነው። የገበጣ ተጫዋችም 48ቱን ጠጠር በአንድ ጊዜ አፍሶ መሄድ ሲችል አያደርገውም፤ ቢያደርገው ጨዋታው ይጠፋልና። እኔም ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ያደረግሁት ጠጠሩን አፍሶ መሄድ ነበር።

በአገራችንም የቅኔ ቤት ተማሪ ማርክ የሚባል ነገር ሳያውቅ፥ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ፥ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ያሰማል። ዋጋው የመምህሩ እርማትና የራሱ እውቀት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ግን «በፈተና ለማይመጣ ነገር ለምን እንደክማለን?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መግቢያ፥ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ፈተናው ከቀረቡት መልሶች አንዱን መምረጥ እንጂ ድርሰት መጻፍን አይጠይቅም። ነገር ግን ፈተናውን አልፈን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ፥ ወይም ባናልፍና ማመልከቻ ስንጽፍ፥ አራት መልስ ደርድሮ የሚያቀርብልን የለም። እንግዲህ ድርሰትን የምንለማመደው መቼ ነው?

ስለዚህ ስለ ትርፍ ማርክ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ሥራው ገንዘብ የማያስወጣ ይሁን። ሁለተኛ፥ ከትምህርት በኋላ ቤተሰቡን የሚረዳው ልጅ እንዲደርስበት ጊዜው ሰፊ ይሁን። ሦስተኛ፥ መመዘኛው የሽፋኑ ማማር ሳይሆን የጽሑፉ መሥራት ይሁን። ዛሬ ኮምፒውተር ራሱ ድርሰት ይጽፋል፤ ነገር ግን ከእኅቴ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ የት ላይ እንደምትቆም አያይልኝም። ያ ጓደኛዬም ይህ ዓይነት ሥራ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ፥ አያሌ የቆሎ ደንበኞቹን ጠያይቆ ከእኔ በበለጠ ነበር።

እኔ ከአምስቱ አራት አገኘሁ። መምህራችን ከግርጌው በቀይ ቀለም «ማን ይጀምራል?» ብለው ጽፈውበታል። ለካ በአራቱም ጊዜ ይህን ረስቼዋለሁ! ያለ ድካም ካገኘኋቸው ዐሥር ማርኮች ይልቅ ያጣኋት አንዲት ማርክ የበለጠ አስተማረችኝ። ወንድሞቼና እኅቶቼም ያልተገደዱበትን ሥራ አንድ ጊዜ ከልባቸው ሠርተው እንዲያዩት በማሳሰብ ጽሑፌን እፈጽማለሁ።