ከቡና በኋላ የሚቀረው ፍም

በየቤታችን «ለምን ታደርጊዋለሽ?» ተብለን ብንጠየቅ መልስ የምናጣላቸው ስንት ልማዶች አሉ! አንዷ በሩን ቆልፋ ከተኛች በኋላ ሁለት ጊዜ ተነሥታ ትፈትሻለች። ሌላዋ ጥሩ ጥሩ ብርጭቆዎቿን በብፌው ውስጥ ደርድራ ራሷ እጀታው በተሰበረ ስኒ ትጠጣለች፤ ብርጭቆዎቹ የሚጠብቁት እንግዳ ግን ብቅ ካለ ሦስት ዓመት አልፎታል። ፌስታል በፌስታል ውስጥ እየጠቀጠቀች የማታስቀምጥ እመቤትስ ማን ናት? እነዚህ ማንንም አይጎዱም። እንዲያውም ቤቱን ቤት የሚያሰኙት እነርሱ ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ዛሬ የማነሣው ልማድ ግን ከእነዚህ ጋር አብሮ እየተቆጠረ ሳናየው የሚያልፍ ነው። ማታ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ካለቀ በኋላ ምድጃው ላይ የሚቀረው ፍም የት ይሄዳል? መጣሉ ያሳዝናል። ከሰሉ በገንዘብ የተገዛ ነው፤ ሙቀቱም ገና አላለቀም። ስለዚህ ልጆቹ ወደሚተኙበት ክፍል ይገባል። በሩም ይዘጋል።

ይህን ልማድ አስተውዬ ያየሁት በአዊ ዞን በጥርባ፣ አክስቴ ዘንድ በሰነበትሁ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሰው አካባቢውን ያውቀዋል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ከሰልም ሞልቷል፤ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ እየተከሉ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ እየቆረጡ፣ ከሰል እያከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲልኩ ቆይተዋል። ብርድና ከሰል ጎረቤት በሆኑበት አገር ምድጃ ከመኝታ ቤት ቢገባ ማን ይገረማል? በተለይ በጥር ወር፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲከበር፣ ሌሊቱ የሚቆረጥም ነው። እንግዳ የመጣበት ቤት ፍሙን ከእንግዳው አልጋ አጠገብ ማኖሩ ክብር መስጠቱ ነው።

ለአራስ ደግሞ ይብሳል። አራስን ብርድ እንዳይመታት በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ በጨርቅ ይወተፋል፣ ምድጃው ከእግሯ ሥር ይቀመጣል። ከአክስቴ ቤት ማዶ አንዲት አራስ ነበረች። የምታርሳት እናቷ በሌሊት ነቅታ «ራሴን ፈለጠኝ» የሚለውን የልጇን ድምፅ ሰማች። ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳት። እንደምንም እየዳኸች በሩን ገፍታ ደጅ ላይ ወደቀች። የገባው ብርድ ነው እናቲቱንም፣ አራሷንም፣ የስምንት ቀኑንም ሕፃን ያተረፈው፤ ያ ሁሉ ጨርቅ የተወተፈበት ብርድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል አየር ባነሰው ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚዞረውን የደም ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል። ደሙ ይዞራል፣ ግን ባዶውን ነው የሚዞረው። ነፍሰ ጡር የተነፈሰችው በማኅፀኗ ላለው ጽንስም ይደርሳል።

ታዲያ እናቶቻችን በዚህ እሳት ዙሪያ አድገው እንዴት ተረፉ? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጥንቱ ጎጆ ክዳኑ ሣር ነበር፤ አየሩ በሣሩና በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል፣ ይወጣል። ያነዱትም አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነው። የእንጨት ጢስ ዓይንና ሳንባ ቢጎዳም እያሳለና እያስለቀሰ ከቤት ያስወጣል። ዛሬ ግን ግድግዳው ተለስኗል፣ ኮርኒሱ ተመቷል፣ በሩ ብረት ነው። ቤቱን ለውጠን ልማዱን ይዘነው ገባን፤ እሳቱም ጢስ የሌለው፣ የማያስጠነቅቅ ሆነ።

«እኔ እኮ ውጪ አቀጣጥዬ፣ ጢሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የሚያልቀው የሚታየው ጢስ ነው። ቀይ ሆኖ የፋመው ከሰል ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ከምድጃው አጠገብ በሳህን ውኃ ማስቀመጥም አይረዳም፤ ውኃው ጋዙን አይዘውም። ዕጣኑ ደግሞ ቤቱን ያሸተዋል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

ከሁሉ የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም የጠዋቱ ነገር ነው። ራሷን እያመማት የተነሣች እመቤት «ምች ነው» ወይም «የቡና ሱሴ ነው» ትላለች። ከዚያ ምን ታደርጋለች? ቡና ለማፍላት ከሰል ታቀጣጥላለች! እርስዎ ግን ይህን ያስተውሉ፦ በአንድ ክፍል ያደሩት ሁሉ ትኩሳት ሳይኖራቸው በአንድነት ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸውና ካዞራቸው፣ ደጅ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ምች አይደለም።

እንደዚህ ሲሆን ሎሚ ፍለጋ ጊዜ አይጥፋ። በርና መስኮት መክፈት፣ ሰውየውን ወደ ውጪ ማውጣት፣ ራሱን የሳተ ወይም የደከመ ካለ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃንም ከሆኑ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ጎረቤት መቀስቀስም ነውር አይደለም። ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1902 በፓሪስ የሞተው በዚሁ ጋዝ ነበር፤ የክፍሉ የጢስ መውጫ በደንብ ሳይሠራ ቀርቶ። ሌሊት ሁለቱንም ሲያማቸው ሚስቱ የቤት ሠራተኞቹን እንጥራ ብትለው፣ ሲነጋ ይሻለናል ብሎ እንዳልፈቀደ ይነገራል። እርሷ ተረፈች።

አስቸጋሪው አማት ወይም እንግዳ ያለ ጊዜ ነው። «እሳት ነፈገችኝ» እንዳይባል ይፈራል። የአክስቴን ዘዴ ልንገርዎ። ከመኝታ በፊት ምድጃውን ብድግ ታደርግና «እማማ፣ እሳቱን ላውጣውና ጋቢ ልደርብልዎ» ትላለች፤ በጠርሙስ የሞቀ ውኃም በጨርቅ ጠቅልላ ከእግራቸው ሥር ታኖራለች። ፍሙን ደጅ አውጥታ አመድ ታለብሰዋለች፤ ከአመዱ ውስጥም ድንች ትቀብራለች። ጠዋት ልጆቹ ከአልጋ እንደወረዱ የሚሮጡት ወደዚያ ነው።