ውሃ ለሞተር፤ ትርፉ የማን ነው?

ቤንዚን በተወደደ ቁጥር «ቤንዚን ቆጣቢ» የሚባሉ ዕቃዎች ለገበያ ይቀርባሉ። ከእነዚህ አንዱ ወደ ሞተር ውስጥ ውሃ የሚረጨው መሣሪያ ነው። ነገሩ ተረት አይደለም። ሆኖም የሚጠቅመው የትኛውን ሞተር እንደሆነ ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ለኪሳራ ይዳርጋል።

በመጀመሪያ ውሃ አይነድም፤ ሥራው ማቀዝቀዝ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚወስደው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ቤንዚን ከሚወስደው 6 እጥፍ ያህል ነው። ተርቦ ያለው ሞተር አየር አምቆ ስለሚያስገባ ሲሊንደሩ በጣም ይግላል፤ ነዳጁም ያለ ሰዓቱ እየተቀጣጠለ ሞተሩ ያንኳኳል። ይህን ለመከላከል ካንዴላው ዘግይቶ እንዲተኩስ ይደረጋል፤ ወይም ለማቀዝቀዣ ብቻ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ውሃው ይህን ሥራ ሲረከብ ቤንዚኑ ይተርፋል፤ ጉልበትም ይገኛል።

የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳስታወቀው ቁጠባው እስከ 13 በመቶ፣ የጉልበት ጭማሪው እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ከፍተኛው ቁጠባ የሚገኘው ሞተሩ ሲጨነቅ፣ ማለትም በአውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሲነዳ ወይም ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ ነው። ይኸው ዘዴ የተገጠመለት ቢኤምደብልዩ ኤም 4 ጂቲኤስ 500 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ መደበኛው ኤም 4 የነበረው 431 ነው።

አጠቃቀሙም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካው ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1962 ጄትፋየር የተባለውን ባለ ተርቦ መኪና ከውሃና ከሜታኖል ድብልቅ ጋር ለገበያ አቀረበ። ብዙ ባለቤቶች ድብልቁን መሙላት እየረሱ ስላስቸገሩ፣ አምራቹ በ1965 ተርቦውን አንስቶ በተራ ካርቡራተር እስከ መተካት ደረሰ።

በመሆኑም ገዢ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መኪናዬ ተርቦ አለው ወይ? የሞተሩ ኮምፒውተር የካንዴላውን ሰዓትና የቤንዚኑን መጠን ከውሃው ጋር ያስተካክላል ወይ? ደለል የማይተው የተጣራ ውሃ በየጊዜው ማን ይሞላል? ተርቦ ለሌለው፣ በከተማ መጨናነቅ ለሚያዘግም አሮጌ መኪና ከዚህ ዕቃ የሚጠበቅ ቁም ነገር ያለው ቁጠባ የለም። ሻጩ «ውሃው ራሱ ነዳጅ ይሆናል» ካለ ደግሞ ድርድሩን እዚያው ማቋረጥ ነው።