ንቅሳትና የአብራሪነት ሙያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና 110 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው የጫጫ ከተማ ትገኛለች። ጋቢና ነጠላቸውን ደርበው ወደ ገበያ ከሚያመሩት የአካባቢው እናቶች መካከል በዕድሜ የገፉት አንዳንዶቹ በግንባራቸው የመስቀል፣ በአንገታቸው ዙሪያ ደግሞ የተደራረበ መስመር ንቅሳት ይታይባቸዋል።

ንቅሳት በሰሜን ሸዋም ሆነ በሌሎች የአማራ ክልል አካባቢዎች ለረጅም ዘመን የውበት መለያና የእምነት መግለጫ ሆኖ ኖሯል። ነቃሾች ከጥላሸትና ከቅጠል ጭማቂ ያዘጋጁትን ቀለም በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጉ ከቆዳ ሥር ያስገባሉ። የአዮዲን እጥረት በሚያጠቃቸው ደጋማ ቦታዎች የአንገት ንቅሳት ለእንቅርት መድኃኒት ይሆናል የሚል እምነትም ነበር። ይሁንና አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ማገልገሉ ለኤች አይ ቪና ለጉበት በሽታ ስለሚያጋልጥ፣ ድርጊቱ ከእንጥል ማስቆረጥና ግግ ከማስወጣት ጋር በጎጂ ልማዳዊ ድርጊትነት ሲወገዝ ቆይቷል።

ንቅሳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በልጅነት፣ በወላጅ ፈቃድ ነው። ታዲያ ሳትጠየቅ በግንባሯ መስቀል የተነቀሰች የጫጫ ልጅ አድጋ የአውሮፕላን አብራሪ መሆን ብትሻ ምልክቱ መሰናክል ይሆንባታልን?

ለጥያቄው ምላሽ ለመስጠት ሁለት ዓይነት ደንቦችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የደኅንነት ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አንደኛ አባሪ የአብራሪዎችን የፈቃድና የጤና መስፈርት ይደነግጋል። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የንግድ በረራ አብራሪ በየጊዜው በሚደረግለት ምርመራ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ልቡ፣ የነርቭና የአእምሮ ጤናው ይታያል። በዓለም አቀፉ አባሪ ከሰፈሩት የጤና መስፈርቶች መካከል ንቅሳት አልተጠቀሰም። ቆዳ ላይ የቀረ ቀለም አውሮፕላን ከማብረር አያግድም ማለት ነው።

ሁለተኛው አየር መንገዶች ስለ ሠራተኞቻቸው አለባበስና ገጽታ የሚያወጡት መመሪያ ነው። የዛሬው የአብራሪዎች የደንብ ልብስ መነሻው የባሕር ኃይል ነው። የአሜሪካው ፓን አም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖቹን ሲያሰማራ አብራሪዎቹን እንደ መርከብ መኮንን አልብሶ የመንገደኛውን እምነት ለማግኘት ጥሯል። ካፒቴኑን በአራት፣ ረዳት አብራሪውን በሦስት መስመር የመለየቱ ልማድም ከዚያው የመነጨ ነው።

የገጽታ መመሪያ አንዳንድ ጊዜ ከደኅንነት ጋር ይያያዛል። ለአብነት ያህል ጢም የኦክስጅን ጭንብል ፊት ላይ በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል ተብሎ በብዙ አየር መንገዶች ሲከለከል ኖሯል። ኤር ካናዳ ግን ጉዳዩን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 አጭር ጢም ለአብራሪዎቹ ፈቅዷል። ንቅሳትን በተመለከተ እንዲህ ያለ የደኅንነት ምክንያት አይቀርብም፤ ክልከላው የሚመነጨው ደንበኛ ስለ ድርጅቱ ከሚኖረው ግምት ነው።

ግምት ደግሞ ከዘመን ጋር ይለወጣል። የኒውዚላንድ አየር መንገድ ከመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የማኦሪ ሕዝብ ባህላዊ ንቅሳትን ጨምሮ ሰውን የማያስቀይም ንቅሳት በደንብ ልብስ ላይ እንዲታይ ፈቅዷል። የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ እ.ኤ.አ. በ2022 ተመሳሳይ እርምጃ ሲወስድ የፊትና የአንገት ንቅሳትን ግን ከፈቃዱ ውጪ አድርጓል። የጫጫ እናቶች የሚነቀሱት በእነዚሁ ሥፍራዎች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በአገራችን የአብራሪነት በር ቀስ በቀስ የተከፈተ ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በውጭ አገር አብራሪዎች ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሲሆኑ፣ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2015 በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ ተደርጓል። በየዘመኑ ለአብራሪ አይመጥንም ተብሎ የታሰበው ሰው በሥራው ብቁነቱን አስመስክሯል።

ንቅሳቱን ለማስለቀቅ የሚሹ ወጣቶች ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። አሲድ ወይም የሚያቃጥል ቅጠል መጠቀም ቀለሙን ሳያጠፋ ጠባሳ ይተዋል። የሌዘር ሕክምና የቀለሙን ቅንጣቶች በብርሃን ኃይል እየሰባበረ ሰውነት እንዲያስወግዳቸው ያደርጋል፤ ለጥቁር ቀለምም የተሻለ ውጤት አለው። ሆኖም በሳምንታት ልዩነት ተደጋጋሚ ሕክምና ይጠይቃል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ስለሚችልም በቆዳ ሐኪም መሠራት ይኖርበታል።

ስለሆነም ወጣቶች ምልክት አለብኝ ብለው ከፊዚክስና ከሒሳብ ትምህርታቸው ሊዘናጉ አይገባም። የሚያመለክቱበትን አየር መንገድ መመሪያ ከማስታወቂያው ማንበብ፣ ካልተገለጸም አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ወላጆችም በልጃቸው ግንባር ላይ የሚያኖሩት ምልክት ነገ የልጁን ምርጫ የሚነካ መሆኑን ሊያጤኑ ይገባል። ቀጣሪዎችም በበኩላቸው አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ ያሠራውን ንቅሳት፣ በሕፃንነት ከተሠራበት ባህላዊ ምልክት ለይተው ቢመለከቱ ፍትሐዊ ይሆናል።