ከሽሪምፑ በፊት ውሃው

በናይሮቢ የመኖ መሸጫዎች ደረቅ ኦቾንጋ በጆንያ ይሸጣል። ኦቾንጋ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ከኦሜና ዓሣ ጋር በአንድ መረብ የሚወጣ፣ ለዶሮና ለእርባታ ዓሣ መኖ የሚቀላቀል ትንሽ ሽሪምፕ ነው። የከብት ነጋዴ ሽሪምፕን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ እንዲህ በኪሎ ተመዝኖ ነው። የኦቾንጋ የሥጋ ዘመድ የሆነው፣ ከምሥራቅ እስያ የመጣው ቀይ የቼሪ ሽሪምፕ ግን ከነሕይወቱ በቁጥር ይሸጣል፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥም ይረባል። ፍየል ማሰር በማይቻልበት የኢስሊ ፎቅ ቤት፣ 20 ወይም 40 ሊትር ውሃ የምትይዝ ገንዳ ለልጆች ጥሩ መዝናኛ ናት።

እንበል፣ አንድ ነጋዴ ቅዳሜ ዕለት ገንዳውን፣ ጠጠሩን፣ ማጣሪያውንና 10 ሽሪምፕ በአንድ ላይ ገዝቶ ገባ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። በሳምንቱ ግን ሽሪምፖቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ነጋዴው “የታመመ ሸጡልኝ” ብሎ ያማርራል፤ ሌላ 10 ገዝቶ ይጨምራል፤ እነዚያም ይሞታሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሽሪምፑ ጤነኛ ነበር። ያልተዘጋጀው ውሃው ነው። ይኸው ሰው ከሞያሌ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አስጭኖ ያመጣቸውን በሬዎች ማደሪያና ውሃ ሳያዘጋጅ አያራግፍም።

የሚገድለው ነገር ለከብት ሰው እንግዳ አይደለም። ባልተጠረገ በረት ውስጥ ዓይን የሚያቃጥለው አሞኒያ ነው። በረት ውስጥ ነፋስ ይወስደዋል፤ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ግን ከሽሪምፑ ኩስና ከተረፈ መኖ የሚወጣው አሞኒያ መሄጃ የለውም። የሚያስወግዱት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ሁለተኛዎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም መርዝ ነው። በድርቅ የተጎዳ የማሽላ አገዳ በልቶ በድንገት የሚወድቅ ከብትን ከሚገድሉት መርዞች አንዱ እርሱ ነው። ናይትሬት ግን በመጠኑ እስካለ ድረስ ሽሪምፑ ይችለዋል፤ ሲበዛም ውሃ በመቀየር ይቀነሳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአንድ ቀን አይመጡም። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ብርድ ደግሞ ያዘገያቸዋል፤ በሰኔና በነሐሴ መካከል በናይሮቢ የጀመረ ሰው ተጨማሪ ጊዜ መያዝ አለበት።

አካሄዱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ገንዳው በውሃ ይሞላል፤ ማጣሪያው ይከፈታል፤ ሽሪምፕ ግን አይገባም። ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት እንዲያገኙ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ መኖ ይጣላል። በመመርመሪያ ጠብታ ሲለካ መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፤ ቀጥሎ አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ይታያል። መኖ ተጥሎ በማግስቱም ሁለቱ ዜሮ ከሆኑ ገንዳው ዝግጁ ነው። ከቆየና ጤነኛ ከሆነ ገንዳ የተወሰደ ስፖንጅ ካለ ጊዜው ያጥራል። ከዚያ ግማሹ ውሃ ይቀየራል፤ 10 ሽሪምፕም ገንዳው ውሃ በጠብታ እየተጨመረላቸው፣ ቀስ ብለው ተላምደው ይገባሉ።

በናይሮቢ የውሃው ምንጭም ማሰብን ይጠይቃል። ከተማዋ አብዛኛውን የቧንቧ ውሃ የምታገኘው በአበርዴር ተራሮች ሥር ካለው የንዳካይኒ ግድብ ነው። ይህ ውሃ ማዕድኑ አነስተኛ ነው፤ ለማጥራት የሚጨመርበት ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያውንም ሽሪምፑንም ይገድላል። ስለዚህ በክፍት ባልዲ 24 ሰዓት ማሳደር ወይም የክሎሪን ማጥፊያ መጨመር ግድ ነው። ስፖንጁም የሚታጠበው ከገንዳው በወጣ ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይደለም።

ቧንቧው በተራ ሲዘጋ በቦቴ የሚመጣው ውሃ ብዙ ጊዜ የጉድጓድ ነው። በናይሮቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ቦታ ብዙ ነው፤ ጠባዩም ከቧንቧው ይለያል። ከአንዱ ወደ ሌላው በድንገት መቀየር ሽሪምፑ ቅርፊቱን በሚጥልበት ጊዜ ይገድለዋል። መፍትሔው የተጠራቀመ ውሃ በጀሪካን መያዝና በየሳምንቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ መቀየር ነው። ለከብት የሚሰጥ የማጋዲ ሶዳ “ማዕድን ይሁነው” ተብሎ ከተጨመረ ደግሞ የውሃው አልካሊነት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ትንሽ አሞኒያም ገዳይ ትሆናለች።

ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ትልቁ አደጋ ግን ከገበያ ይዘውት የሚመጡት ነው። ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን ያለባቸው የመዥገር መድኃኒቶች በቅርፊት ለባሽ የውሃ እንስሳት ላይ እጅግ ኃይለኛ ናቸው፤ መዥገርና ሽሪምፕ ሁለቱም ባለ አንጓ እግር እንስሳት ናቸውና። ከብት ረጭቶ የመጣ ሰው በሳሙና ሳይታጠብ እጁን ገንዳው ውስጥ ቢያስገባ፣ ወይም የመርጫውን ባልዲ ለውሃ መቀየሪያ ቢጠቀም፣ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ያልቃል። መዳብም እንዲሁ ነው። የሰኮና ማጠቢያ ሰማያዊ ድንጋይ፣ መዳብ የተጨመረበት የሚላስ ማዕድን፣ ከእነዚህ አንዱም ገንዳው አጠገብ መቀመጥ የለበትም።

ሂሳቡ እንግዲህ ይህ ነው። መስታወቱና ማጣሪያው አንድ ጊዜ ይገዛሉ፤ ያልጠበቀ ሰው ሽሪምፑን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይገዛል። የጠበቀ ግን አንዲት እንስት 20 እና 30 እንቁላል በሆዷ ሥር ይዛ አንድ ወር ገደማ ቆይታ ስትፈለፍል ያያል። የአንድ ወር ትዕግሥት ወጪው ቁንጥር መኖና ትንሽ መብራት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በከብት ብቻ አይደለም።

ገንዳው ሲሞላ ትርፉን ወደ ወንዝ መልቀቅ ግን አይገባም። ለምግብነት እ.ኤ.አ. በ1970 ናይቫሻ ሐይቅ የገባው የሉዊዚያና ቀይ ክሬይፊሽ የሐይቁን የውሃ ውስጥ ዕፅዋት በልቶ ክፉኛ ጎድቷል፤ እስካሁንም አልጠፋም። በፕላስቲክ ቋጥሮ በሞያሌ ማሻገርም ከብትን ያለ ጤና የምስክር ወረቀት እንደማሻገር ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ከሚዘረዝራቸው በሽታዎች አንዱ የሆነው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ከሽሪምፕ ጋር ይጓዛል። ለማሻገር የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ የሁለቱንም አገሮች የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቶች መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህን የሚያነብ ነጋዴ ዛሬ ገንዳ ለመግዛት ቢያስብ፣ ገንዳውን፣ ማጣሪያውንና መመርመሪያውን ይዞ ይመለስ። ሽሪምፑን ከወር በኋላ ይግዛ።