ትልቁ ለምን ይበልጥ ይተልቃል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ለአገልግሎት የበቃው ዎርድፕሬስ ዛሬ ከዓለም ድረ-ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩበት መገንቢያ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ባራባሺና አልበርት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ በሚያድግ መረብ ውስጥ አዲስ መጪ ብዙ ትስስር ወዳለው ካዘነበለ ጥቂቶች እጅግ ይገዝፋሉ። በመገንቢያዎች ገበያም ተመሳሳይ ሂደት ይታያል፦ የተጠቃሚ ብዛት ባለሙያን ይስባል፤ ባለሙያም ሌላ ተጠቃሚን። ግዝፈት ግን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ሾፒፋይ የኢንተርኔት መደብርን በኪራይ ያቀርባል፤ ኪራዩ ሲቋረጥ መደብሩ ይዘጋል። የዎርድፕሬስ ኮድ ግን ወደ ሌላ ሰርቨር ሊዛወር ይችላል። ስለዚህ መደብር ለመክፈት የምታስቡ ተማሪዎች፣ «ብዙ ሰው የሚጠቀመው የትኛውን ነው?» ከማለታችሁ በፊት፣ «መልቀቅ ብፈልግ ምን ይዤ እወጣለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።